ሁለተኛው ፍሬን

ሰውየው መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። የማሠልጠኛ መኪና በአስተማሪውም በኩል ፍሬን አለው፤ እሱ ታዲያ ዕድሜውን የጨረሰው ያንን ፍሬን ሲረግጥ ነው። ችግሩ፣ ቤት ሲገባም እግሩ ሥራ አይፈታም። ቴሌቪዥን እያየ ወለሉን ይረግጣል፤ ሲተኛ ደግሞ የሚስቱን ቅልጥም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ስትረግጥ ትውልና ማታ በተራዋ ትረገጣለች።

እናቱ ከሞቱ ወዲህ ጭራሽ ባሰበት። እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ አስጠላው፣ የሚታየው ሁሉ ክፉ ክፉው ሆነ። መድኃኒት ቢቀያየርለትም ጠብ የሚል ነገር አልተገኘም። በመጨረሻ ሐኪሙ፣ ከአንድ ዓይነት እንጉዳይ የተገኘና ሰውን በቁሙ ሕልም የሚያሳይ መድኃኒት ሆስፒታሉ ውስጥ በጥናት እየተሞከረ መሆኑን ነግረው፣ ፈቃደኛ እንደሆነ ጠየቁት። ሚስቱ ከሱ ቀድማ ፈቀደች።

በቀጠሮው ቀን መድኃኒቱን አስውጠው አልጋ ላይ አጋደሙት፤ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍነው ለስለስ ያለ ሙዚቃ ከፈቱለት። አንዲት ነርስ አጠገቡ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሙዚቃው ፈጠነ ብሎ ተቆጣ። ቀጥሎ አልጋው ምልክት ሳያሳይ ታጠፈ ብሎ ከሰሰ። ቀለማት ቅድሚያ ሳይሰጡ ከየአቅጣጫው ይገቡበት ጀመር፤ እግሩ የአልጋውን ጠርዝ ሊሰብረው ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያሳርፉት» አለችው ነርሷ።

«እኔ ከለቀቅኩት ማን ይይዘዋል?»

«እስቲ ይልቀቁትና እንየው።»

ለቀቀው። ያኔ፣ በኋላ ለሚስቱ እንደነገራት፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ከጎኑ ተቀምጦ ዕድሜ ልኩን ሲቆጣው የኖረ ሰው በሩን ከፍቶ ወረደ። መልኩ ቁርጥ እሱን ነው። ለካ «እኔ» ሲል የኖረው ያንን ሰው ኖሯል። በቃ ሞትኩ ብሎ ጠበቀ። ትንፋሹ ግን ይገባል ይወጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ሙዚቃውም ይሰማል። ማንም አይነዳውም፤ ይሄዳል። ለወረደው ሰው አዘነለት፤ ያን ሁሉ መንገድ ሲሄድ አንድም ቀን በመስኮት አላየም። አለቀሰለት። ለእናቱም አለቀሰ፤ በቀብራቸው ዕለት የለቀስተኛ መኪና በማስቆም ተጠምዶ ያላፈሰሰው እንባ ሁሉ መጣ።

በማግስቱ የፍጥረትን ምስጢር ደረስኩበት ብሎ ለሐኪሙ ሊያበስር ገባ። ሐኪሙ ግን ያየው የገዛ አእምሮውን አሠራር እንጂ የዓለምን ምስጢር እንዳልሆነ አስረዱት። «እኔ፣ እኔ» የሚለው ነገር ዝም ሲል ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፣ እሱም ቢሆን ገና እየተጠና ነው አሉት። ትንሽ ከፋው፤ ለጎረቤት ሊያወራው አስቦ ነበር።

ሥራ የተመለሰ ዕለት ተለማማጇ መኪናውን ወደ እግረኛ መንገድ አስጠጋችው። እሱ በመስኮት ዛፍ ያያል። ልጅቷ ራሷ አቆመች።

«ጋሼ፣ ካመመዎት እንመለስ። ካላመመዎት ደግሞ እባክዎ ትንሽ ይቆጡኝ፤ ዝም ሲሉ እፈራለሁ።»

እንደ ምንም ብሎ ተቆጣት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የወረደው ሰው ተመልሶ ተሳፈረ። አሁን ግን ድምፁን ይለየዋል። አንድ ጠዋት ሚስቱ ሱሪውን ስትተኩስለት፣ መታጠቢያ ቤት ሆኖ «እሺ ጋሼ፣ ሰምቻለሁ» ሲል ሰማችው።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከድሮ አለቃዬ ጋር።»

ለምሳ ይዘኸው እንዳትመጣ አለችውና መተኮሷን ቀጠለች።