ለማጇ ሐኪም እና የኔ ሆድ

በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ሆዴን ያደነቀልኝ የመጀመሪያው ወንድ ሚስተር ዳልግሊሽ ነው። ነፍሱን ይማረውና ባሌ እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ከወገቤ በላይ ራቁቴን ቆሜ ሳለ፣ የሆዴን ሥጋ በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘና "ግሩም ነው! ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሆድ ነው!" አለ። እኔ ታዲያ እንኳን ደስ ሊለኝ፣ ነገሩ ወዲያው ሸተተኝ። ይሄ ሰውዬ የፈለገው ነገር አለ አልኩ በልቤ።

ግራ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቷል። ጡቱ ይወጣል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ቀዶ ሐኪሙ ዳልግሊሽ የሚለው ግን ሌላ ነው። ከሆዴ ሥጋ ከነስቡና ከነደም ሥሩ ተቆርጦ ደረቴ ላይ ይተከላል፣ አዲስ ጡት ይሠራልኛል። ደም ሥሩ የሚሰፋው በማይክሮስኮፕ እየታየ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ይሄን ሁሉ ሲያወራ አንዲት ቀጭን ልጅ አጠገቡ ቆማ ታዳምጣለች።

"ሚስ አንዌን ፕሮሰር ትባላለች" አለኝ። "ፕላስቲክ ሰርጀን ናት። የጡት ቀዶ ሕክምና ልዩ ሥልጠና ልትወስድ ለአንድ ዓመት እኛ ጋ መጥታለች። የርስዎ ኦፕራሲዮን ላይ አብራኝ ትገባለች።"

ሥልጠና! አሃ፣ አልኩ። እኔ እዚሁ ግላስጎው አውቶቡስ ስነዳ ነው ያረጀሁት፤ ድርጅቱ አዲስ ሹፌር ሲቀጥር ደግሞ የሚያስቀምጠው ከኔ ጎን ነው። ለማጅን አውቀዋለሁ። ለማጅ ሲመጣ መንገድ ይፈለግለታል፤ ረጅም፣ ጠመዝማዛ፣ ዳገት የበዛበት መንገድ። እና አሁን መንገዱ እኔ ልሆን ነው ማለት ነው። ይሄን ሁሉ እያሰብኩ አፌ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? "እሺ፣ ደህና፣ አመሰግናለሁ" አለ። ተሳፋሪ ላይ እንደዚያ የሚሳለው ምላሴ ሐኪም ፊት ሲደርስ ይተሳሰራል።

ማታውን ለእህቴ ለዩና ነገርኳት። ሻይዋን እየጠጣች ሳቀችብኝ።

"አንቺ ደግሞ ሰው ሁሉ ሊያታልልሽ የተነሳ ይመስልሻል። ፖስተኛውን እንኳ ትጠረጥሪያለሽ።"

"ፖስታ ካርዴን ያነባላ!"

"ወይ ጉድ! ለመሆኑ ፖስታ ካርድ የሚልክልሽ ማነው?" አለችና ስኒዋን አስቀመጠች። "እሱን ተይውና ሴንጋ እህቴ፣ አዲሱን ጡት ትፈልጊዋለሽ?"

"እኔ እንጃ። እኔ የምፈልገው ድኜ መሪዬን መጨበጥ ነው። ግን ምን ሌላ መንገድ አለኝ?"

ዩና ስኒዎቹን ልታጥብ ተነሳች። እኔም ልተኛ ገባሁ። የሆነ ነገር ደብቀውኛል የሚለው ሐሳብ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በሳምንቱ ያቺ ልጅ ራሷ ደወለችና ብቻዬን እንድመጣ ጠየቀችኝ። አለቃዋ የለም። ጆሮዬ ቆመ። ምን ልታስፈርመኝ ነው እያልኩ ሄድኩ። በሩን ዘጋች፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ሚስስ ማክጊል፣ አንድ ነገር በግልጽ እንደተነገረዎት እርግጠኛ አይደለሁም" አለችኝ። "ጡት የግድ መተካት የለበትም። ካንሰሩን አውጥተን ቆዳውን በሥርዓት ዘግተን ደረትዎን ለጥ አድርገን መተው እንችላለን። ሆድዎ አይነካም። ብዙ ሴቶች ይሄንን ይመርጣሉ።"

ማንም አልነገረኝም ነበር። ይሄኔ "ተመስገን" ማለት ነበረብኝ። አመሌ ግን አመል ነው፤ ለምን ነገረችኝ ብዬ ጠረጠርኩ።

"ቆይ እስቲ ልጄ፣ ኦፕራሲዮኑን አትችይውም እንዴ?"

"እችለዋለሁ።"

"በራስሽ እጅ ሠርተሽው ታውቂያለሽ?"

ትንሽ ቀላች። "ከሚስተር ዳልግሊሽ ጋር ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው እያዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለብቻዬ ስይዘው ግን የርስዎ የመጀመሪያዬ ይሆናል። ሥልጠናዬን ለመጨረስ ይሄ ሥራ ያስፈልገኛል። ለዚህ ነው ሌላውን መንገድ ከኔው አፍ እንዲሰሙት የፈለግኩት።"

የመጀመሪያዬ! ደሜ ፈላ። "አንቺ፣ እውነቱን ንገሪኝ! የጠበቃ ሚስት ብሆን ይሄን ትይኝ ነበር? ለአውቶቡስ ሹፌር ጡት ምን ያደርግላታል ብለሽ ነው አይደል?"

"ኧረ በፍጹም..."

"እንግዲያው ጡቱን እፈልገዋለሁ! ልክ አለቃሽ እንዳለው!" ብዬ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ለማን ብዬ ነው የማልፈልገውን ጡት በእልህ የተቀበልኩት? ተመልሼ እንዳልነግራት ደግሞ ኩራቴ ያዘኝ።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ጠዋት መጀመሪያ ምልክት ይደረጋል። ሥጋ ሲጋደም ቦታውን ስለሚለቅ፣ ሐኪሟ ቆመሽ እያለሽ ነው የምትሥልብሽ። መስታወት ፊት ቆምኩ። አንዌን በጉልበቷ ተንበርክካ፣ በወይን ጠጅ ቀለም ብዕር ከአንድ ዳሌዬ እስከ ሌላው ዳሌዬ አንድ ረጅም መስመር ሳበች። ከዚያ ከእምብርቴ በላይ ሌላ። ቀና ብዬ መስታወቱን አየሁት። በሁለቱ መስመሮች መሐል ያለው ሁሉ ሊቆረጥ ነው። ሁለት ልጆች የተሸከምኩበት፣ ደህና የነበረው፣ ምንም ያላጠፋው ሆዴ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ላቆመው ብል እምቢ አለኝ።

አንዌን ብዕሩን ከደነችው። ምን ሆኑ አላለችኝም፣ ተንበርክካ እንዳለች ጠበቀችኝ።

"አልፈልገውም" አልኳት። "ያን ቀንም አልፈለግኩትም። ይቅር በይኝ።"

"ላጥፋው?"

"አጥፊው።"

ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክራ ማሸት ጀመረች። ቀለሙ የማይለቅ ዓይነት ነው፤ ቆዳዬ ቲማቲም እስኪመስል ድረስ ፈተገችው። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ዳልግሊሽ የኦፕራሲዮን ቆቡን እንዳጠለቀ ገባ።

"አላለቀም እንዴ? ሁሉም እኛን ነው የሚጠብቀው።" ከዚያ ሆዴን አየና ቆመ። "ይሄ ምንድነው?"

"ሚስስ ማክጊል ጡት እንዲተካላቸው አይፈልጉም" አለች አንዌን ተነስታ።

"ዛሬ? አሁን?" ፊቱን ወደሷ አዞረ። "ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?"

"ያለውን መንገድ ሁሉ።"

በጥርጣሬ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የኔው ነው። ደግሞ ሲያዩት እንዴት ያስጠላል! ከዚያ ድምፁን አለስልሶ ወደኔ ዞረ።

"ሚስስ ማክጊል፣ ሐሳብዎን እንዲቀይሩ ጫና ያደረገብዎት ሰው አለ?"

"አለ።"

"ማነው?"

"እርስዎ ነዎታ!"

"እኔ እኮ... የሚጠቅምዎ መስሎኝ ነው" አለ ሰውዬው፣ ውሸቱንም አልነበረም።

"አምናለሁ። ግን እስካሁን ሲያወሩ የከረሙት ከሆዴ ጋር ነው። ከኔ ጋር ያወራችው እሷ ናት፤ እኔ ደግሞ ሰድቤያት ወጣሁ።"

ዳልግሊሽ ቆቡን አውልቆ ግንባሩን አሸ። "ይሁን። ጡቱን ብቻ እናወጣለን፤ እኔ ራሴ እሠራዋለሁ።"

"አይሆንም። እሷ ትሥራው።"

"ሚስስ ማክጊል፣ ደረትን አሳምሮ ለጥ ማድረግ ቀላል እንዳይመስልዎት። የራሱ ሙያ አለው። እሷ ገና እየተማረች ነው።"

"በኔ ትማር" አልኩ።

አንዌን ዞር ብላ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዚያ ብዕሩን ከፍታ ወደ ጡቴ ቀረበች። እጇ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ሰርቄ አየሁ፣ ምን ላድርግ! ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

"ትንፋሽሽን ሰብስቢ ልጄ፣ አልቸኩልም" አልኳትና ደረቴን ሰጠኋት።