ቀይ ዱቄት የሚያመጣው ሰው

ኑ እስቲ፣ ወንበራችሁን ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ቁጭ በሉ። ሻያችሁን እየጠጣችሁ ስሙኝ፤ ረጅም ነገር አይደለም።

ሐዘን ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ጠረጴዛው ላይ የሟቹ ፎቶ ቆሟል። ፎቶው ደህና ነው፤ የናስ ፍሬሙ ግን ጠቁሮ ጠርዙ አረንጓዴ አውጥቷል። አክስትየው ወንበር ስላጣች በሩ አጠገብ የተደፋው ሙቀጫ ላይ ተቀምጣለች። ፍሬሙን ዓይኗን አጥብባ አየችው።

"ዕድሜ ልኩን የሰው ናስ ሲወለውል ኖሮ፣ የራሱ እንዲህ ይጥቆር?" አለች። ማንሾካሾኳ ነው፤ ማድ ቤት ድረስ ተሰማ።

ማድ ቤት ብርጭቆ የምታጥበው የሟቹ ልጅ ሰማች። ነገሩ እሷንም ሲከነክናት ነው የሰነበተው። ነገ አባቷ የሠራበት ሆቴል ባልደረቦች ሊያጽናኑ ይመጣሉ። እነሱ ደግሞ ከሰው ፊት በፊት ናስ የሚያዩ ሰዎች ናቸው።

አባትየው በዚያ ሆቴል ናስ ወልዋይ ነበር። የበሩን እጀታ፣ የእንግዳ መቀበያውን ደወል፣ የደረጃውን መደገፊያ የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። እንግዶች መደገፊያው ላይ ራሳቸውን እያዩ ፀጉራቸውን ያስተካክሉ ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጣ ልጆቹ ከበው አስቀመጡት።

"አባዬ፣ ከእንግዲህ ሥራ የሚባል ነገር እንዳንሰማ" አለው ታላቁ ልጅ። "ሰው ምን ይለናል? አርፈህ ተቀመጥ።"

"እሺ" አለ። እሺ ማለት አይከብደውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አንጠልጥሎ "ልንሸራሸር" ብሎ ይወጣል። ከሰዓት ጓሮ ገብቶ ጡብ ይወቅጣል።

"ጆሮዬን ጨረስከው! ምን ልታደርገው ነው?" ትላለች ሚስቱ።

"የግቢውን ጉድጓድ ልሞላበት።"

"ይሄን ሁሉ ወቅጠህ አንዷን እንኳ አልሞላህም እኮ!"

"ቀስ እያልኩ ነዋ፣ እመቤቴ።"

ልጅቱ ቤት ሲሄድም የልጇን የወተት ዱቄት ባዶ ቆርቆሮ ለቃቅሞ ይመለሳል። "ለሚስማር ማስቀመጫ" ይላል። ስንት ሚስማር ቢኖረው ነው እያለች ትስቅበት ነበር። ክረምቱ ሲገባ አልጋ ያዘ፤ ሳይነሳም ቀረ።

እንግዲህ ልጅቱ ጥቁር ሻርፗን ደርባ ወጣች። የምትፈልገውን ታውቃለች። ልጅ ሳለች አባቷ ከሥራ ሲገባ ጥፍሩ ሥር ቀይ ዱቄት ታይ ነበር። "የናስ መድኃኒት ነው፤ ከሱቅ ነው" ይላት ነበር።

መጀመሪያ የገባችበት መስታወት በመስታወት የሆነ ትልቅ መደብር ነው።

"ቀይ የናስ መወልወያ ዱቄት አላችሁ?"

"ዱቄት? የሚነፋ ነው ያለን" አላት ሻጩ። "ለመኪና፣ ለመስታወት፣ ለፍሪጅ፣ ለሁሉም ይሆናል።"

"ለናስስ?"

"ለሁሉም አልኩሽ እኮ!"

ወስዳ ነፋችበት። ፍሬሙ ሽቶ ሽቶ አለ እንጂ ጥቁረቱ ንቅንቅ አላለም። ይባስ ብሎ ወንድሟ "እስቲ እኔ ልሞክረው" ብሎ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይዞ መጣ። ከእጁ መንጭቃ ወስዳ ተመልሳ ወጣች።

የቀለምና የሚስማር ሱቅ ገባች። "ነበረን" አለች ባለሱቋ። "አባባ ዱቄት የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ የሚያመጡልን። ቀሩብን።"

"የት ይገኛሉ?"

"እኔ ምን አውቄ? ራሳቸው ነው ብቅ የሚሉት።"

ቀጥሎ ያለው ሱቅም ያው ነው። "አባባ ዱቄትን ነው? ክረምቱ ሳይገባ መጥተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ በላቸው።"

ልጅቱ ትዕግሥቷ አለቀ። "ምን ዓይነት ሰው ናቸው እሳቸው? ሰው እንደሚጠብቃቸው አያውቁም? የሚቀሩ ከሆነ እቀራለሁ አይሉም?"

"አትፍረጂባቸው፣ እህቴ። ቀርተው አያውቁም ነበር።"

"አሁን ቀሩ አይደል!" ብላ በሩን በላዩ ላይ ዘጋችበት።

መጨረሻው ሱቅ ደረሰች። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። "ትራፊ ካለ ልይልሽ፣ ልጄ" ብለው በርጩማ ላይ ወጥተው ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ቆርቆሮ አወረዱ። ገልብጠው መቱት። ቀይ ብናኝ እንጂ ማንኪያ የሚሞላ አልወጣውም።

እሷ ግን ዱቄቱን አላየችም። የወተት ዱቄት ቆርቆሮው ሆድ ላይ አንገቱ የተቀደደ የቢጫ ዳክዬ ሥዕል ተለጥፏል። ልጇ ናት የለጠፈችው። መልሳ ልትልጠው ስትሞክር አንገቱ ተቀድዶባት፣ ያን ቀን ሙሉ ስታለቅስ ነው የዋለችው።

"ዱቄቱን የሚያመጣውን ሰው ካገኘሽው ንገሪልኝ" አሉ ሽማግሌው፣ ቆርቆሮውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። "ደንበኛው ሌላ አልፈልግም እያለ እየተመለሰ ነው በይው። እኔን ተቀይሞም ከሆነ ይቅር ይበለኝ።"

አባቷ መሞቱን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ከዚያ ግን እጇን ወደ ቆርቆሮው ዘረጋች።

"እነግረዋለሁ" አለች። "ይሄን ልውሰደው?"

"ውሰጂ። ሲሞላ ትመልሽልኛለሽ።"

ቤት ስትደርስ ቀጥታ ወደ አክስቷ ሄደች። "አክስቴ፣ ተነሺልኝ።"

"የት ልቀመጥ ታዲያ?"

"የተቀመጥሽበትን ነው የምፈልገው።"

ሙቀጫውን ስታነሳው ወለሉ ላይ ቀይ ክብ ታትሞ ቀረ። ጓሮ ወስዳ ጡብ ጨመረችበት፤ ዘነዘናውን ይዛ መውቀጥ ጀመረች።

"ኧረ በሐዘን ቤት! ሰው ምን ይላል?" አለች አክስትየው።

ያን ጊዜ እናትየው በጓሮው በር ብቅ አለች። ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ ከጥጓ አልተነሳችም፤ እንባም አልወጣትም ነበር። "ተያት" አለች። "ይሄን ድምፅ ካጣሁ ወዲህ መች እንቅልፍ ወሰደኝ?"

ልጅቱ ጓሮ ካለው በርሜል ኋላ አባቷ የደበቀውን ወንፊት አገኘች። የእንጨት ክብ ላይ ስስ የሐር ጨርቅ ተወጥሮበታል። ዱቄቱን ነፋችው፤ እንደ ደመና ወረደ። ግማሽ ሎሚ ዱቄቱ ውስጥ እየነከረች ፍሬሙን ስታሸው ናሱ ቦግ አለ። የተረፈውን ዱቄት በዳክዬው ቆርቆሮ ጨመረችው።

እናትየው ግን ዓይኗ ወንፊቱ ላይ ተተክሏል። አምና ከገመድ ላይ ነጭ የሐር ሻርፗ ጠፍቶ፣ ጎረቤቷን ጠርጥራ ተኮራርፈው ነበር። ጎረቤትየዋ እንኳ ለሐዘኑ ብላ ገና ዛሬ መምጣቷ ነው፤ ሳሎን ጥግ ይዛ ተቀምጣለች።

"ጎረቤቴ!" ብላ ተጣራች እናትየው። "ነይ እዪ፣ ሌባው ተያዘ!"

ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና እንባዋ ወረደ። ጎረቤትየዋ መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት።

"ልጠብልሽ፣ እማዬ" አለች ልጅቱ።

"እንዳትነኪው።"

እናትየው ጨርቁን ከእንጨቱ ፈታች፤ ሳታራግፈው ራሷ ላይ አሰረችው። ቀዩ ዱቄት በጥቁር ልብሷ ትከሻ ላይ ተበተነ። በማግስቱ የሆቴሉ ሰዎች ሲመጡ የተቀበለቻቸው እንደዚያው ሆና ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንድ ቀን የምትፈልጉትን ነገር ሱቅ ለሱቅ ዞራችሁ ብታጡ፣ ብስጭታችሁን ዋጥ አድርጋችሁ "የሚያመጣው ሰው ምን ሆኖ ይሆን?" በሉ። እሱን በዚህ አስታውሱልኝ፣ አደራ።