የሸዋወርቅ ጉርሻ

ሸዋወርቅ በቀዶ ሕክምና ጨጓራዋን ካስቀነሰች ወዲህ ሆዷ ከሦስት ጉርሻ በላይ አይቀበልም፤ ካለፈች ታስመልሳለች። አዳማ ውስጥ ግን በበላተኛነቷ የታወቀች ስለነበረች፣ ነገሩን ከልጇ ከሃኒ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

አንድ እሁድ የሃኒ አማት አቶ ሰይፈሚካኤል ሸዋወርቅን፣ ሃኒንና ባሏን ባቱ ባለው ቤታቸው ምሳ ጠሯቸው። ትሪው በአሳ ጥብስ ተሞልቶ ቀረበ። ሸዋወርቅ ሁለቴ ጎርሳ በቀስታ ስታላምጥ፣ አቶ ሰይፈሚካኤል ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉላት።

"ምነው እንዲህ ከሱ? በሞቴ ይቺን!"

ሸዋወርቅ ደነገጠች። ወዲያው ግን ፈጠን ብላ የራሷን ጠቀለለችና፣ "እርስዎ ሳይቀምሱማ አይሆንም!" ብላ አፋቸው ውስጥ ከተተችው። ሊመልሱላት ሲሉ፣ "አንድ ጉርሻ ያጣላል!" ብላ ደገመች፤ ሠለሰችም። ቀጥላ ወደ ሚስታቸው ዞረች፤ ከዚያ ወደ አማቿ፣ ወደ ሃኒ ባል። ሃኒ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ጉርሻው ሲዞር ትሪው ባዶ ቀረ። ሸዋወርቅ ጣቷ ላይ የቀረውን አዋዜ ስትልስ፣ የድሮ ሆዷ ትንሽ ናፈቃት።

ሲሸኟቸው አቶ ሰይፈሚካኤል ቀበቷቸውን አላልተው ለሚስታቸው አንሾካሾኩ፦ "ይገርማል! ያን ሁሉ አሳ ጨረሱት እኮ። እንዲህ እየበሉ እንዴት ከሱ?"

ሚኒባሱ መቂ ሲደርስ ሸዋወርቅን ራባት። አንድ ሙዝ በመስኮት ገዛችና፣ ግማሹን እስከ ሞጆ ድረስ እያላመጠች ሄደች።