የማርዴል ቁልቁለት

አርሊስ እጇን ትከሻው ላይ ስታሳርፍ ኤልደን የሚያጥበውን ሳህን ሊጥለው ምንም አልቀረው። የሚስቱ ታናሽ እህት በአርባ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ነክታው አታውቅም። የገና ሰላምታዋ ራሱ ከጠረጴዛ ማዶ ነበር።

«ልናገረውና ይውጣልኝ» አለችው። «ማርዴል ስታገባህ ለእናቴ፣ ይሄ ሰውዬ ከዚህ ከሆልስተድ ከተማ አንድ እርምጃ አያወጣትም ብያት ነበር። ተሳስቻለሁ። ባሕሩን አሳይተሃታል። ሳታየው ብትሞት ኖሮ ዕድሜ ልኬን ይቅር አልልህም ነበር።»

ኤልደን ቧንቧውን ዘጋ። እጁን በፎጣ እያደራረቀ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ በኛ ከተማ ኤልደን ቫግነር ሲያወራ የሰማን ሰዎች ጥቂት ነን።

ማርዴል ከሞተች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቲማቲሟን ውሃ ስታጠጣ ወደቀች፤ ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ፤ በቃ፣ አለቀ። ቀብሩ ዓርብ ነው ተባለ። እስከዚያው ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ ይዞ ይመላለስ ጀመር፤ መኮሮኒ በቺዝ፣ ድንች በክሬም፣ የአሳማ ሥጋ፣ በየሳህኑ ስር የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎ። ልጃቸው ጃኔል ከኦማሃ መጥታ ማቀዝቀዣውን ስታደራጅ አምስት ሳህን መኮሮኒ አገኘች። «እማዬ ብትኖር የማን ጨው እንደበዛበት ሳትቀምስ ትነግረን ነበር» ብላ ሳቀችና እዚያው የማቀዝቀዣው በር ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

ስለ ባሕሩ እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን አንድ ቀርቷል። ማርዴል ባሕሩን አላየችም።

ኤልደን ሠላሳ ስምንት ዓመት በከተማችን የእህል ጎተራ መዛኝ ነበር። በቆሎ የጫነ መኪና ሚዛኑ ላይ ይወጣል፣ አራግፎ ባዶውን ይመለሳል፣ ኤልደን ልዩነቱን ይጽፋል። ለወንድሙ አንድ ፓውንድ አልጨመረም፣ ከማይወደው ሰው አንድ ፓውንድ አልቀነሰም። «ኤልደን ከመዘነው አለቀ» እንል ነበር፤ እሱም አፍ አውጥቶ አይናገረው እንጂ በዚህ ይኮራ ነበር። ማርዴል ደግሞ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ሳቂታ፣ ወሬ የምትወድ፣ ሦስት መቶ ልጆችን በየስማቸው የምትጠራ። ከተጋቡበት ዓመት ጀምሮ የጓዳዋ በር ላይ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ የባሕር ፎቶግራፍ ለጥፋለች። በየዓመቱ «ዘንድሮስ?» ትለዋለች። «አጨዳው ይለፍ» ይላታል። አጨዳው ያልፋል፣ በረዶው ይመጣል፣ ፎቶግራፉም እየገረጣ ይሄዳል።

ሁለቱም ጡረታ በወጡበት ዓመት፣ ግንቦት ሲጋመስ፣ ኤልደን ማንንም ሳያማክር ሊንከን ከተማ ሄዶ ለሦስት ሳምንት ቤት መኪና ተከራይቶ መጣ። አልጋውን፣ ምድጃውን፣ መጸዳጃውን ሁሉ የተሸከመ ስምንት ሜትር መኪና ነው። ማርዴል ውስጡን ዞራ አየችና፣ «ዕረፍት ያልከኝ ኩሽናዬን ከኋላዬ አስከትለህ ነው?» አለችው። በማግስቱ ግን ከሱ ቀድማ ተነስታ፣ ጫማዋን አስራ፣ ደጅ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከትዳራቸው ሁሉ የጣፈጡ ነበሩ። እሱ ይነዳል፤ እሷ በየመንገዱ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነብለታለች። አመሻሽ ላይ የቤት መኪኖች የሚያድሩበት ሰፈር ሲቆሙ፣ ከጎረቤት ጡረተኞች ጋር ትተዋወቅና የማን ጉልበት እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደተፋታ ሰብስባ ትመለሳለች። አንድ ቀን ራቱን እየበላ ኤልደን ከመሬት ተነስቶ፣ «ቀደም ብዬ ላመጣሽ ይገባኝ ነበር» አላት። «መጥተን የለ?» አለችው፤ ዳቦውንም አቀበለችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፓስተሯ መጣች። ክሪስተን ትባላለች፣ በዕድሜ ከጃኔል ታንሳለች። ለቀብሩ ስብከት የሚሆናትን ልትይዝ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስለ ሟቿ ጠየቀቻቸው። ጃኔልና አርሊስ እየተቀባበሉ አወሩላት። በመሐል ጃኔል እናቷ ከጉዞው ያመጣችላትን ትልቅ ዛጎል ከቦርሳዋ አወጣች።

«ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ነበር» አለች። «ሞታለች ብለው ሲደውሉልኝ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። አባዬ በመጨረሻ እንኳ ስለወሰዳት ነው የቻልኩት።»

ፓስተሯ ዛጎሉን ተቀብላ አገላበጠችው። «ስብከቴን ከዚህ ነው የምጀምረው» አለች። «በስተርጅናው ሚስቱን ይዞ እስከ ባሕር ድረስ ከነዳ ባል። ቅር ይልዎታል፣ ኤልደን?»

ሦስቱም አዩት። «እንደፈለጉ» አለ።

ያን ዛጎል ማርዴል የገዛችው አይዳሆ ውስጥ፣ ባሕር በሌለበት በረሃ፣ ከነዳጅ ማደያ ነው። ከማስቲካው አጠገብ በቅርጫት ይሸጥ ነበር፤ ስድስት ገዛች።

የሆነው እንዲህ ነው። ኤልደን ዕድሜውን በሙሉ የነዳው እንደ ጠረጴዛ በተዘረጋ አገር ላይ ነው። በመንገዳቸው ያለውን ተራራ ሲወጡ ደህና ነበር። ወደ ማዶ መውረድ ሲጀምሩ ግን፣ መጨረሻው የማይታይ ቁልቁለት ፊቱ ሲከፈት፣ እግሩን ፍሬን ላይ አሳረፈና አላነሳም። የተራራ አገር ሰው ማርሹን አክብዶ ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል፤ ኤልደን ይህን በወሬ እንጂ በተግባር አያውቀውም። አራት ማይል ሳይወርዱ አንዳች የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ከጎማው ጭስ ወጣ፣ ፍሬኑ እግሩ ስር እየላላ ሄደ። ፍሬን ለሚከዳቸው ከባድ መኪኖች ተብሎ ከመንገዱ ዳር የተሠራ የጠጠር መሸሻ ነበርና ማርዴል እያመለከተች ጮኸችበት፤ እሱም መሪውን ጠምዝዞ አስገባው። ጎማዎቹ ጠጠሩ ውስጥ ተቀብረው ቆሙ። ጎታች መኪና መጥቶ አወጣቸው፣ ፍሬኑም ቀዝቅዞ ተፈተሸ፣ መኪናው ደህና ነው ተባለ። ደህና ያልነበረው ኤልደን ነው።

ቤት በገቡ ማግስት ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ ሳሉ አንዲት ጎረቤት ባሕሩ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀች። ኤልደን አፉን ከፈተ። ማርዴል ቀደመችው። «ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ እግሬን እንኳ የነከርኩት በግድ ነው» አለች፣ ስለ ማዕበሉም ጨምራ አወራች። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ዝም ብቻ በል» አለችው። «በዝምታ እንደሆነ ማንም አይችልህም።» እሱም ዝም አለ። እውነት ለመናገር ደስም ብሎት ነበር፤ ገበሬው ሁሉ በሚስቅበት ከተማ ከመሳቂያነት አውጥታዋለች። ማርዴል ስትሞት ይህ ከሆነ ገና ሁለት ወሩ ነበር።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ሊሰናበታት አስከሬኗ ባረፈበት የቀብር አገልግሎት ቤት ተሰበሰበ። ሣጥኑ ተከፍቶ፣ ኤልደን ከራስጌው ቆሞ፣ እኛ ተሰልፈን እጁን እየጨበጥን እናልፋለን። ሠላሳ ዓመት የከብት መኪና ሲነዳ የኖረው ዴልበርት ተራው ሲደርስ እጁን ይዞ አልለቅ አለው።

«እኔ ራሴ ያን ጉድ ቤት መኪና ይዤ ከነዚያ ተራሮች ላይ መውረድ አልደፍርም» አለ። «እንዴት አድርገህ አወረድከው?»

«ቀስ ብዬ» አለ ኤልደን።

ሁለት ቃል ናት። እስከዚያች ሰዓት የዋሸችው ማርዴል ነበረች፤ እሱ ዝም ነው ያለው። አሁን ግን ከራሱ አፍ ወጣች፣ ሚስቱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ በሰማያዊ ቀሚሷ ተኝታ። ፊቷን አየው። ያሳፈረው መዋሸቱ ብቻ አልነበረም፤ የሷ የሆነውን ነገር እየወሰደባት እንደሆነ ገባው። ነገ ፓስተሯ ያሰበችውን ከሰበከች ማርዴል ባሏ እንደ ሻንጣ ጭኖ የወሰዳት ሴት ሆና ትቀበራለች። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ የጃኔልን መጽናኛ ይነጥቃል፣ አርሊስን ያጣል፣ ከተማው የሚያውቀውም ኤልደን ያበቃለታል። ከኋላ ሰልፉ ቆሞ ስለነበር የቀጣዩን ሰው እጅ ጨበጠ።

ዓርብ ጠዋት ቤተ ዘመድ ወደ ጸሎቱ ከመግባቱ በፊት የሚሰበሰብባት ትንሽ ክፍል ውስጥ ሦስቱ ከፓስተሯ ጋር ቆመው ነበር። ኦርጋኑ ጀምሯል። ፓስተሯ በሩን ልትከፍት ስትል ኤልደን መዝጊያውን በእጁ ያዘው።

«የባሕሩን ነገር አይናገሩ» አለ። «አልደረስንም።»

ጃኔል አልገባትም። «ምን ማለትህ ነው፣ አባዬ? ዛጎሉስ?»

«ከነዳጅ ማደያ ነው የገዛችው።»

የአርሊስ ፊት መልሶ ቀዘቀዘ፤ ኤልደን ያንን ፊት አርባ አራት ዓመት ያውቀዋል። ቢሆንም አላቆመም። ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ጠጠሩ ነገራቸው። ፍሬኑ ተሠርቶ፣ ቁልፉ ተሰጥቶት፣ መሪውን ሲይዝ ሞተሩን ማስነሳት እንዳቃተው፣ ስድሳ ሰባት ዓመቱ ላይ መንገድ ዳር እንዳለቀሰ ነገራቸው። በሕይወቱ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል አውርቶ አያውቅም።

«ታዲያ ማን አወረዳችሁ?» አለች ፓስተሯ።

«ማርዴል።»

ኤልደን እጁን ከመዝጊያው አነሳ።

«ከቤት መኪናችን በፊት ከትንሿ መኪናዋ የሚበልጥ ነገር ነድታ አታውቅም» አለ። «ጎታቹን ሰውዬ በከባድ ማርሽ እንዴት እንደሚወረድ አስረዳኝ አለችው። ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ የሾፌሩን ወንበር ወደፊት ሳበችና መሪው ኋላ ተቀመጠች። እኔ ጎኗ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ማይል ቁልቁለት ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸችም። በማግስቱ፣ አምስት መቶ ማይል ነው የቀረን፣ እኔ እነዳለሁ፣ እንሂድ አለችኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ሚስቱ ነድታ አደረሰችው ከምባል ብዬ፣ ቤቴ መልሺኝ አልኳት። በደቡብ ዞራ፣ ቁልቁለቱ በሚቀልበት፣ ከሺ ማይል በላይ ነዳች። ሆልስተድ ልንገባ አንድ ማይል ሲቀረን መኪናውን ዳር አስያዘችና ወረደች። ‹በል፣ አንተ አስገባው› አለችኝ። ሰው እንዳያየኝ ብላ።» ወደ አርሊስ ዞረ። «እኔ የትም አልወሰድኳትም። እሷ ናት ያመጣችኝ።»

ጃኔል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ስድስት ጊዜ ደውላ ስለ ማዕበሉ አውርታኛለች» አለች። «መንዳቷን አንድ ቀን አልነገረችኝም።» ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው፤ አባቷም ራሷን ይዞ አጠገቧ ቆመ።

አርሊስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «እምቢ ባትላት ታደርስህ ነበር» አለች።

«ታደርሰኝ ነበር» አለ ኤልደን።

ስብከቱን ሁላችንም ሰምተነዋል። ፓስተሯ ደብተሯን ዘግታ አዘጋጅታ የመጣችውን ትታ ነው የተናገረችው፤ ኤልደንን አስፈቅዳው ስለነበር ምንም አልሸፈነችም። ማርዴል ማርሹን አክብዳ ከተራራው ወረደች ስትል እኛ ስንነዳ የኖርነው ሰዎች ወለል ወለሉን አየን። ዴልበርት መሐረብ አወጣ። አንድ ማይል ሲቀራት ወርዳ መሪውን ለባሏ መስጠቷን ስትነግረን ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ለቅሶ ሆነ። ማርዴልን የምናውቅ ሁሉ ይህን እንደምታደርግ እናውቅ ነበር፣ ግን አንዳችንም አስበነው አናውቅም።

መቃብሩ ከከተማው ሁለት ማይል ይርቃል። የአስከሬን መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመ፣ ከኋላው የኤልደን ፒካፕ። እኛ ወንዶቹ ኮፍያችንን አውልቀን ዳር ይዘን ነበር። ኤልደን ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ለአርሊስ ዘረጋላት። ይቅር ብላው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቁልፉን ግን ተቀበለችው፤ ጃኔልም ከኋላ ገባች።

እሱ ዞሮ በማርዴል በኩል ያለውን በር ከፈተና ተቀመጠ። ማርዴል አጭር ነበረች፤ ፀሐይ እንዳይወጋት ከመስታወቱ በላይ ያለችውን መከላከያ እስከ ታች አውርዳ ትታት ነበር። ለሱ ቁመት ዓይኑ ላይ መጣችበት፣ ከመንገዱ ከመኪናው አፍንጫ በቀር ምንም አታሳየውም። ሊገፋት እጁን ሲያነሳ ከውጭ ሆነን አየነው። እጁ ጠርዟ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ማርዴል እንዳወረደቻት ትቷት እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። አርሊስ ማርሽ አስገባች።