ለመርማሪዋ የመረጥኩላት መጽሐፍ

እኔ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሆስፒታሉ ውስጥ የመጽሐፍ ጋሪ እየገፋሁ ከአልጋ አልጋ ስዞር ድምፄ ቀድሞኝ ይገባል፤ በሽተኞቹም «ባለጋሪዋ መጣች» ብለው ትራሳቸውን ያስተካክላሉ። ሐኪም መድኃኒት ያዛል፣ እኔ ልቦለድ አዛለሁ። ቀዶ ጥገና ለሚጠብቅ ሰው ልብ አንጠልጣይ፣ ፍርሃቱን እንዲረሳበት። እግሩ ተሰብሮ ለተንጋለለ ወፍራም ክላሲክ፣ ቀኑን እንዲገፋበት። በነገር ለሚብሰለሰል ደግሞ የወንጀል ልቦለድ፤ ቢያንስ እዚያ ውስጥ ጥፋተኛው ይያዛል። እመኑኝ፣ ስመርጥ ተሳስቼ አላውቅም።

የጋሪው ላይኛ መደርደሪያ ላይ ቀጫጭኖቹ፣ ታችኛው ላይ ወፋፍራሞቹ አሉ። አንዴ አንድ አናጺ የሰጠሁትን የወንጀል ልቦለድ ሳይጨርስ ሞተ። ሚስቱ መጽሐፉን ልትመልስ መጣችና «ገዳዩ ማነው እያለ ሲጨነቅ ነበር» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ስለ አንዱ በሽተኛ «አጠር ያለ ነገር ስጪው» ካለችኝ ነገሩ ይገባኛል፤ እጄም ወደ ላይኛው ይሄዳል። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው።

ታናሽ እህቴ የተኛችው እዚሁ፣ የሴቶች ክፍል ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ የምንጠራት «መርማሪዋ» ብለን ነው። ከወንጀል ልቦለድ ሌላ አንብባ አታውቅም። መጽሐፉ ሳይጋመስ ገዳዩን ትይዘዋለች፤ ሰው ቀድሞ ከነገራት ግን ጉድ ይፈላል። ልጆች ሆነን እኔ አፌን ልከፍት ስል ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና እየጮኸች ከቤት ትወጣ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ጋሪዬን ላስገባ ስል ሲስተሯ በሩ ላይ ያዘችኝ። ዓይኔን ማየት አቃታት።

«ለእህትሽ…» አለች፣ «አጠር ያለ ነገር።»

ነገሩ ገባኝ። ግን ተናደድኩ እንጂ አላለቀስኩም። አጠር ያለ? ለእኔ እህት? የት አባቱ! ጎንበስ ብዬ ከታችኛው መደርደሪያ ከሁሉም የወፈረውን ጎትቼ አወጣሁ። ሦስት ትውልድ የሚወለድበት፣ የሚጋባበትና የሚጣላበት ክላሲክ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ አልጋዋ ጋ ሄድኩ።

«እንቺ። ይሄን ስትጨርሺ ሁለተኛውን ክፍል አመጣልሻለሁ» አልኳት።

አገላብጣ አየችው። ከእሷ የቀሩት ዓይኖቿ ብቻ ነበሩ፣ እነሱ ግን የድሮዎቹ ናቸው።

«እትዬ፣ ክላሲክ እኮ ነው።»

«አዎ፣ እንዴት ያለ ክላሲክ መሰለሽ!»

«ክላሲክ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።»

«ሰው ይለወጣል።»

«ወይ አንቺ! የማታውቂውን ሰው ፊቱን አይተሽ የሚሆነውን መጽሐፍ ታወጪለታለሽ። በእኔ ተሳሳትሽ?» መጽሐፉን በመዳፏ መዘን አደረገችው። «እዚህ ክፍል ያለን ሁላችንም እናውቃለን። ከላይ ካወጣሽ ኑዛዜ ነው፣ ከታች ካወጣሽ ቤት መግባት ነው። ስትገቢ የምናየው ፊትሽን መሰለሽ? እጅሽን ነው።»

ከጎኗ የተኛችው ልብስ ሰፊ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለካ ያ ሁሉ ቀጭን መጽሐፍ! ስንቱን ሰው ሞቱን በገዛ እጄ አቀብዬዋለሁ።

«እና ለአንቺ ከታች አይደል ያወጣሁት?» አልኳት።

«እሱ ነው ያጋለጠሽ። ሌላ ጊዜ ሰውየውን አይተሽ ነው የምታነሺው፤ ዛሬ ያየሽው ውፍረቱን ብቻ ነው።» ገዳዩን ስትይዝ የምታሳየውን ፈገግታ አሳየችኝ። «ሲስተር ነገረችሽ አይደል?»

ልዋሽ ሞከርኩ፣ አፌ እምቢ አለኝ። የአልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ስንሰቀሰቅ ጀርባዬን ያሻሸችኝ እሷው ናት።

«በይ በቃ። አዲስ የወንጀል ልቦለድ የለሽም?»

ነበረኝ። አንድ ሀብታም ነጋዴ በገዛ ግቢው ሞቶ የሚገኝበት ነው፤ እሱም ወፍራም ነው። በደህናው ጊዜ ቢሆን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ትጨርሰው ነበር። አሁን ግን ገጽ ስትገልጥ እንኳ ያልባታል፣ ከዚያ መጽሐፉ ደረቷ ላይ ይተኛል። በመጣሁ ቁጥር ዕልባቷ ከነበረበት ፈቀቅ አይልም። ላንብብልሽ ስላት «በአንቺ ድምፅ? ክፍሉ ሁሉ ሊሰማ ነው! ልብስ ሰፊዋ ወረፋ ይዛለች» አለችኝ።

አንድ ከሰዓት ስገባ መጽሐፉን ዘግታ ጠበቀችኝ።

«እትዬ፣ ገዳዩ ማነው?»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ራስሽ ድረሺበት እንጂ!»

«አልደርስበትም» አለች፣ ውሃ አቀብዪኝ በምትልበት ድምፅ።

ያቺ ጆሮዋን ደፍና የምትጮኸው ልጅ ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠጋች። ተስፋዬ የተቆረጠው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ሲስተሯ ምንም ብትል፣ ውስጤ እምቢ ብሎ ነበር።

ላንሾካሽክ ሞከርኩ። «ሾፌሩ ነው።»

«ሾፌሩ? ወይኔ! እኔ እኮ ሐኪሙን ነበር የያዝኩት።»

«ሐኪሙማ ምንም አላጠፋ።»

ልብስ ሰፊዋ ከአልጋዋ ቀና አለች። «እንዴ! እኔ ቀጥዬ ላነበው አልነበር? ምናለ ቀስ ብትዪ! አሁን ምን ላድርገው?»

እህቴ ሳቀች። ሳል እስኪይዛት፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሲበቃት መጽሐፉን ዕልባቷ መሃሉ ላይ እንደተሰካ ወደ እኔ ገፋችው።

«በይ፣ ለማያውቅ ሰው ስጪው» አለችኝ።

በሳምንቱ አንድ ጠዋት ጋሪዬን ሳስገባ አልጋዋ ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፎ ነበር።

አሁንም ጋሪውን እገፋለሁ። የእሷን መጽሐፍ ለማንም አልሰጠሁትም። መደርደሪያዎቹንም ቀላቅያቸዋለሁ፤ ቀጭኑም ወፍራሙም አንድ ላይ ነው ያለው። ምን ዋጋ አለው፣ ስገባ ሁሉም የሚያዩት እጄን ነው።