የኃይለመስቀል ቁጣ

ኃይለመስቀል ሲቆጣ ከማንኪራ ወዲያ ያለው መንደር በሙሉ ይሰማል። መንደሩም ይህን ስለለመደ የራሱን ቁጣ እርግፍ አድርጎ ትቶለት ነበር። ነጋዴ በማር ሚዛን ሲያጭበረብር፣ የቀበሌ ሹም ያለ አግባብ መዋጮ ሲጠይቅ፣ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ በጎን ኃይለመስቀልን ያየዋል። እሱም አያሳፍርም። ይነሳል፣ ይጮሃል፣ ነገሩ ይቆማል። ሌላው ምንም እንዳልተናገረ ሰው ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል።

ዋጋውን የምትከፍለው ሚስቱ አልጣሽ ነበረች። ከወንዙ ማዶ ያለውን ኮቧቸውን፣ ማለትም ከቅድመ አያት ጀምሮ ቀፎ የሚሰቅሉበትን ጫካ፣ ሊለኩ የመጡ ሰዎችን ሜትራቸውን ቀምቶ ባባረረ ጊዜ ቦንጋ ታሰረ። ባጃጅ እስከሚገኝበት ድረስ በጭቃ እየተንሸራተተች ስንቅ ያመላለሰችለት እሷ ናት። ጫካው ሳይለካ ቀረ፤ መንደሩም ጉሮ ወሸባዬ አለ። አልጣሽ ግን መረራት። ቤት ውስጥም ወጡ ጨው በዛበት ብሎ በሚያነሳው ጩኸት ልጆቿ ተራ በተራ ጅማ ገብተው ቀርተዋል።

ስለዚህ ያ ድርጅት ሲመጣ እሰይ አለች። ትክክለኛ ስሙ ረጅም ነው፤ ሰዉ ግን «የትንፋሽ ድርጅት» ይለዋል። በቀበሌው አዳራሽ ሰውን ክብ አስቀምጦ፣ ዓይን አስጨፍኖ፣ ትንፋሽን ማዳመጥና ራስን መግዛት ያስተምራል። ባሏ እንዲህ ላለ ነገር እግሩን እንደማያነሳ ስለምታውቅ፣ «የዘመናዊ ቀፎ ሥልጠና ነው» ብላ ሸወደችው። ቀፎ ሊቀበል ሄዶ እዚያው ቀረ።

ያስቀረችው አሠልጣኟ ሠናይት ናት፤ ቦንጋ ተመድባ የመጣች፣ ቶሎ ሆድ የሚብሳት ቀጭን ልጅ። «ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ሲቆጡ የትዎ ላይ ነው የሚያምዎት?» አለችው። በዕድሜው እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ደረቱን አሳያት፤ ከዚያ ሰው ፊት አለቀሰ።

ቀጣዮቹ ወራት አልጣሽ ገና ያገባች የመሰላት ወራት ነበሩ። ባሏ ጠዋት ደጃፍ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ ከዚያ ገብቶ እንዴት እንዳደረች ይጠይቃታል። ልጆቿ ለመስቀል መጡና ሰነበቱ። ድርጅቱ ፎቶውን አንስቶ ቦንጋ ቢሮው ውስጥ ለጠፈው። የአዳራሹም ሰው እሱን እያየ ረጋ አለ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ታረቀ። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም፤ ደግ ነገር ነበር።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። አንድ የወረዳ ሹምና የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጡ። ሹሙ ከወንዙ ማዶ ያለው ጫካ ለቡና ተክል ለልማታዊ ባለሀብት እንደተሰጠ አስረድቶ፣ «አስተያየት ያለው?» አለ።

አዳራሹ ሁሉ ወደ ኃይለመስቀል ዞረ። አልጣሽም ዞረች። ተነሳ። ፊቱ ቀላ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ሰምቻለሁ። ልቤ አዝኗል። ግን አልቆጣም» ብሎ ተቀመጠ።

ከኋላው ያሉትም አንድ ሁለት እያሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሹሙ ግራ ተጋብቶ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ተቃውሞ እንደሌለ ተናግሮ ስለ ጨዋነታቸው አመሰገናቸው።

አልጣሽ በማግሥቱ ቦንጋ ወረደች። ሠናይት ወሬውን ስትሰማ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«እትዬ አልጣሽ፣ እኔ እኮ ዝም በሉ አላልኩም። ተረጋግተው እንዲናገሩ ነው ያስተማርኩት።»

«ልጄ፣ እኛ ሳንጮህ ተናግረን የሰማን የለም» አለች አልጣሽ። «አሁን ነይና አንቺ ንገሪልን።»

ሠናይት ድርጅቱ በመሬት ጉዳይ ከገባ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ነገረቻት። እያለቀሰች ነበር የነገረቻት። አልጣሽ ራሷ አባብላት ወጣች።

የባለሀብቱ የሞተር መጋዝ የመጣው የጌተም ዛፍ አበባውን ሲያፈነዳ፣ ንቡ ቀፎ በሚሞላበት ሰሞን ነው። ኃይለመስቀል ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። አልጣሽ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ተቆጣ! ስወድህ፣ እንደ ድሮህ ተቆጣ! እኔ ነኝ ያበላሸሁህ፤ በእኔ ጀምር!»

ተነሳ። ሞከረ፤ እግዜር ያያል፣ ሞከረ። ጡጫውን ጨበጠ፣ አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ከጓሮ የማያልፍ ነበር። «እምቢ አለኝ፣ አልጣሽ» አለ። «ፈልጌ አጣሁት።»

ትታው ብቻዋን ወንዙን ተሻገረች። በየደጁ የቆሙት ጎረቤቶቿ አዩዋት፤ የተከተላት የለም። የተሰነጠቁ ቀፎዎች መሬት ላይ ተበትነዋል፤ ንቡ መግቢያ አጥቶ ይተራመሳል። አልጣሽ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፤ የአባቶቿን ስም ጠራች፣ ተራገመች። መጋዝ የያዘው ወጣት ሞተሩን አጠፋና በአክብሮት አዳመጣት። ክፉ ልጅ አልነበረም።

«እማማ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉልኝ» አለ ስትጨርስ። «ዛፉ ወደ እርስዎ ነው የሚወድቀው።»

አልጣሽ ዛፉን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ራቅ አለችለት።