የኮፈኑ ግማሽ

«ነጭ መኪና ከሆነስ ወንድሙ አለ። ጥቁር ግን ከእንግዲህ የት እንደሚወሰድ እንጃ» አለ ጎማ ሻጩ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት።

ዝቅ አላደረገም። ታላቅየው ለቅሶ ቤቱ በር ጥግ ከተቀመጠበት ሆኖ፣ ሻዩ በእጁ እየቀዘቀዘ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጠው ሰማ። ከጎማ ሻጩ አጠገብ የነበረው የላቫጆው ባለቤት ሳቁን ለማፈን ሲል ሳል ሳል አለው። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ይህ ንግግር ምኑም አይደለም። መኪና ወልውሎ ለሚያድር ሰው ግን ስድብ ነው። ነጭ ቀለም ጭረት አያሳይም፤ ማንም ጨርቅ ይዞ ቢነካካው ያምራል። ጥቁር ግን የሠራተኛውን ገበና ፀሐይ ላይ ያወጣል።

ሟቹ ታናሽ ወንድሙ ነበር። ሰው ሁሉ የወጣለትን ስም ትቶ «መስታወት» ይለው ነበር፤ ከእጁ የወጣ ጥቁር መኪና ላይ ጢም መላጨት ይቻላል እየተባለ። ታላቅየው ቅጽል ስም አልወጣለትም። «የመስታወት ወንድም» ነበር የሚሉት። የመወልወያ ማሽን አያያዝ ያስተማረው እሱ፣ ጋራዡን የከፈተው እሱ፣ ስሙ ግን የመስታወት ወንድም። ነገሩ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶ ዓመታት ኖሯል፤ ወንድሙን አፈር አልብሶ ከተመለሰ በኋላም አልወረደለትም።

ቅናት ነው፣ ሌላ ምን ይባላል። ወንድሙን ይወደው ነበር፤ መቃብሩ ላይ የተንሰቀሰቀውም ከልቡ ነው። ግን ለቀስተኛ በገባ ቁጥር «ምን ያለ እጅ ነበር የነበረው!» ሲል፣ እንባው እዚያው ዓይኑ ውስጥ ይደርቅበታል።

እናትየው ደግሞ አታግዘውም። ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ የሟቹን መወልወያ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ለገባው ሁሉ ያንኑ ትደግማለች።

«የልጄ እጅ እኮ የሐር ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የነካውን ነገር አያበላሽም ነበር።»

«እግዜር ያጽናሽ» ይላል የገባው።

«የሱን ዓይነት እጅ የት ይገኛል?»

«የትም አይገኝም።»

ታላቅየው የራሱን እጆች አየ። ሁለት መዳፍ፣ ዐሥር ጣት፣ ፖሊሽ ያቆረፈዳቸው። እማዬ ሁለት ወንድ ልጅ መውለዷን ማን ያስታውሳት?

በመጀመሪያው ጊዜማ እንዲህ አልነበረም። ታናሽየው ትምህርቱን አቋርጦ ጋራዥ የመጣ ሰሞን ማሽኑን እንደ እባብ ነበር የሚፈራው። ታላቅየው ከኋላው ቆሞ፣ እጆቹን በእጆቹ ላይ አድርጎ አስተማረው። ቀኝ እጅ መያዣውን ይይዛል፣ ግራ እጅ ከላይ ሆኖ ጭንቅላቱን ይጫናል። ስፖንጁ ሙሉ ለሙሉ ይረፍ፤ አታዘንብለው። አትቸኩል። ያለፍክበትን ግማሽ እየደረብክ ሂድ። ጠርዝ ላይ አትቁም፣ ቀለሙ ይነዳል። በእጅህ ጀርባ ንካው፤ ከሞቀ ተወው።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚበቃው?» ይል ነበር ታናሽየው።

«ባትሪ አብርተህ የሸረሪት ድሩ ሲጠፋ።»

የሸረሪት ድር የሚሉት፣ ቆሻሻ ስፖንጅና ደረቅ ጨርቅ ቀለሙ ላይ የሚተዉትን ክብ ክብ ቀጫጭን ጭረት ነው። ጥላ ውስጥ አይታይም። ብርሃን ሲያርፍበት ግን ጥቁሩን መኪና አመድ የተነፋበት ያስመስለዋል። ታናሽየው ያንን ማጥፋት ለመደ። ከዚያ ከአስተማሪው በለጠ። ከዚያ ደንበኞች ጋራዡ በር ላይ ቆመው፣ ታላቅየውን እያዩት፣ «መስታወት የለም?» ማለት ጀመሩ።

ያኔ ነው መጋረጃው የተሰቀለው። ታላቅየው አንድ ጠዋት ወፍራም ላስቲክ ገዝቶ መጣና ጋራዡን ለሁለት ከፈለው።

«ምንድነው ጋሼ?»

«ለአቧራው። የኔ አቧራ ያንተ ቀለም ላይ እንዳያርፍ።»

ታናሽየው «ጥሩ አሰብክ» ብሎ መሰላሉን ያዘለት። አምኖት ነበር። ለአቧራ አልነበረም፤ እነዚያን እጆች ቀኑን ሙሉ እያዩ መዋል ስላንገበገበው ነበር።

ከቀትር በኋላ የጥርስ ሐኪሟ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። መኪናዋ፣ ጥቁሩ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው ያለው፤ ወንድሙ የሞተው እሱን ሲሠራ ነው። ከሟቹ ሚስት አጠገብ ተቀምጣ እጇን ያዘች። ቆይታ፣

«የሁለታችንም ሥራ አንድ ነው ይለኝ ነበር» አለች። «እርስዎ ጥርስ ይወለውላሉ፣ እኔ መኪና። ልዩነቱ የኔ ደንበኛ አይጮህም ይለኝ ነበር።»

የሟቹ ሚስት ፈገግ አለች፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ታላቅየው ያችን ፈገግታ እንኳ ቀናባት። ሞቶም ሰው ያስቃል።

«መኪናውን ነገ እወስደዋለሁ» አለች ሐኪሟ። «ኮፈኑን ግማሽ ድረስ ሠርቶት ነበር አሉ። እንዳለ ይሁንልኝ። እሱ የነካውን ሌላ ሰው ባይነካብኝ ደስ ይለኛል።» ይህን ብላ ታላቅየውን አየችና ደነገጠች። «እርስዎን ማለቴ አይደለም።»

«ግድ የለም» አለ ታላቅየው።

«ቃሌ ነው፣ ማንም አይነካውም» አለች የሟቹ ሚስት።

ታላቅየው ሻዩን ወንበሩ ሥር አስቀምጦ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ሰው እያለ ወዴት ነው?» አለች የሟቹ ሚስት።

«የጋራዡን መስኮት ሳልዘጋ ነው የመጣሁት። አልቆይም።»

መስኮቱ ተዘግቷል። እሱ የሚሄደው ለሌላ ነገር ነው። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አንድ ነገር ያምን ነበር፤ ማመን ብቻ ሳይሆን ላገኘው ሁሉ በሹክሹክታ ይናገር ነበር። መስታወት ጭረቱን አያጠፋውም፣ በቅባት ይሞላዋል ባይ ነው። እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። ቅባታማው ፖሊሽ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣ መኪናው እንደ አዲስ ያበራል፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ የሸረሪት ድሩ ተመልሶ ይመጣል። ማጣራት ደግሞ ቀላል ነው። ጨርቅ ላይ አልኮል ማድረግና መጥረግ ነው። ወንድሙ በሕይወት እያለ ይህን ለማድረግ ድፍረቱ አልነበረውም። አሁን ነገ ከመምጣቱና መኪናው ከመውጣቱ በፊት ይህች አንድ ከሰዓት ብቻ ቀርታዋለች።

ጋራዡ ደርሶ፣ ላስቲኩን ገልጦ ወደ ወንድሙ በኩል ገባ። ጥቁሩ መኪና ቆሟል። ኮፈኑ መሐል ላይ የወረቀት ፕላስተር ከፊት መስታወቱ እስከ አፍንጫው ተለጥፏል፤ ከፕላስተሩ ማዶ ድር ያደራበት፣ ወዲህ ደግሞ የጣሪያው ብረት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ የሚታይበት። ማሽኑ በርጩማው ላይ ነው፣ ሰዎቹ ሬሳውን ሲያነሡ ያስቀመጡት ቦታ።

ወንድሙ የሞተ ቀን ታላቅየው ከላስቲኩ በዚያኛው በኩል ነበር። የማሽኑ ድምፅ ሲቋረጥ ሰምቷል። «ስልክ ተደውሎለት ነው፣ ይኸኔ እያሞገሱት ነው» ብሎ ተናዶ ሥራውን ቀጠለ። ምሳ ሊጠራው ላስቲኩን ሲገልጥ ወንድሙ ጎማው ላይ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ልብ ነው አሉ በኋላ።

አልኮሉን ጨርቁ ላይ አፈሰሰና የሚያበራውን ግማሽ ጠረገ። እስኪተን ጠበቀ። ባትሪውን አበራ።

ድሩ ተመልሶ መጣ።

ልቡ ዘለለ። ሌላ ቦታ ጠረገ፤ እዚያም ብቅ አለ። ሌላ ጠረገ። «አላልኩም?» አለ ጮክ ብሎ፣ ባዶው ጋራዥ ውስጥ። «አላልኩም?» ደስታው እስኪያሳፍረው ድረስ ነበር፤ ግን አላፈረም። ስልኩን አውጥቶ የጎማ ሻጩን ቁጥር ፈለገ። ይምጣ። የላቫጆውንም ሰውዬ ይዞት ይምጣ። ነጭ መኪና ለማን እንደሚሻል በዓይናቸው ይዩ።

ሲመጡ ባትሪውን ከየት አቅጣጫ ሊያበራላቸው እንደሚገባ ሊሞክር ጎንበስ አለ። ያኔ ነው ያየው።

ከላቫጆ የመጣው ክብ ክብ ጭረት ላይ ሌላ ጭረት ተደርቧል፤ ረጃጅም፣ የማሽን። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ናቸው። በቀኝ በኩል ስፖንጁ ቀለሙን ነክሶታል፣ በግራ በኩል ጨርሶ አልነካውም። ለሌላ ሰው ይህ ዝም ብሎ ጭረት ነው። ማሽን ያስተማረው ሰው ግን ቆሞ አነበበው። ቀኝ እጅ መያዣውን ይዟል። ከላይ ሆኖ የሚጫነው ግራ እጅ የለም።

የወንድሙ ግራ እጅ ዝሎ ነበር። ያን ዕለት ብቻ አይደለም፤ ሥራው ደጋግሞ ተሞክሮ ደጋግሞ ተበላሽቷል። ታላቅየው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በቅርቡ ታናሽየው ውኃ በቀኝ እጁ ብቻ ሲያመላልስ አይቶት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ በላስቲኩ ሥር የፖሊሽ ጠርሙስ አሾልኮ፣ «ጋሼ፣ ይህችን ክዳን ብትከፍትልኝ» ብሎት ነበር። ከፈተለት፤ በሆዱ ግን «አሁን ደግሞ አሽከሩ ሊያደርገኝ ነው» አለ። የሰው ሥራ ሲያይ ዓይኑ እንደ መርፌ ነው፤ የገዛ ወንድሙ ክንድ ሲሞት ግን ላስቲክ ሰቅሎ ዞሮ ቆሞ ነበር።

ቅባቱም ገባው። አቅም ሲያጣ የቀባው ነው፤ ምናልባት ሲሻለው ሊመለስበት። የበፊቶቹ መኪኖች ቅባት ቢሆኑ ኖሮ ደንበኞቹ በታጠቡ ማግሥት እየተሳደቡ በመጡ ነበር። አንድም ሰው መጥቶ አያውቅም። ይህንንም ታላቅየው ሁልጊዜ ያውቅ ነበር።

ስልኩ እጁ ላይ በርቶ ነበር። አጠፋውና ኪሱ ከተተው።

ነገ ሐኪሟ ትወስደዋለች፤ ሁለት ጊዜ ታሳጥበዋለች፤ ድሩ ይወጣል፤ ጎማ ሻጩ ይሰማል። «መስታወት ለካ ቅባት ነበር» ይባላል። ታላቅየው ዓመታት የተመኛት ዓረፍተ ነገር ናት። አሁን በሌላ ሰው አፍ ሊሰማት አልቻለም።

የወንድሙን ማሽን አነሣ። አዲስ ስፖንጅ ገጠመ፤ መጀመሪያ ሸካራው ፖሊሽ፣ ቀጥሎ ለስላሳው። ቀኝ እጅ መያዣው ላይ፣ ግራ እጅ ከላይ። ግማሽ እየደረበ ሄደ፤ በእጁ ጀርባ ነካ፤ ቆመ፤ ቀጠለ። እንዲህ አድርጎ ሠርቶ አያውቅም። እየሠራም ይቀና ነበር፣ አይዋሽም፤ በየመስመሩ «እሱ ቢሆን እንዴት ያደርጋት ነበር?» እያለ፣ ከሟች ጋር እየተፎካከረ። ሲጨርስ አልኮል አድርጎ ጠረገ። ባትሪ አበራ። ምንም ብቅ አላለም። ብርሃኑ ላይ የራሱ ፊት ነበር፣ እንባው ሳይቀር።

ከፕላስተሩ ማዶ ያለውን አልነካውም። ማሽኑን በርጩማው ላይ፣ እንደነበረ፣ መለሰው።

በማግሥቱ ሐኪሟ ስትመጣ እናትየውም ካላየሁት ብላ መጣች፣ የሟቹም ሚስት። ጎማ ሻጩም ነገር አያመልጠውምና ከኋላ ተከተለ። ታላቅየው መኪናውን ገፍቶ ፀሐይ ላይ አወጣው።

 በኮፈኑ ግማሽ ላይ ሰማዩ ከነደመናው ተኝቶ ነበር።

«ይሄ ነው እጅ ማለት!» አለ ጎማ ሻጩ። ወደ ታላቅየው ዞሮ፣ ክፋትም አልነበረበትም፣ «እስቲ እውነቱን ንገረን፣ አንተ ይህን ታወጣለህ?»

ታላቅየው አፉን ከፈተ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት» የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ነበረች፤ ጣፈጠችው እንኳ።

«አላወጣም» አለ።

እናትየው ወደ መኪናው ቀረበች። ጉልበቷ ላይ ስትዘረጋው የከረመችውን ደረቅ ጨርቅ ከጉያዋ አውጥታ፣ ማንም ሳይከለክላት፣ የሚያበራውን ግማሽ ትጠርግ ጀመር። የሕፃን ግንባር እንደሚጠረግ፣ ክብ ክብ አድርጋ።

የሟቹ ሚስት ደንግጣ ታላቅየውን አየችው። ደረቅ ጨርቅ ጥቁር ቀለም ላይ ምን እንደሚያደርግ እሷም ታውቃለች፤ በዚህ ቤት ሁሉም ያውቃል። ታላቅየው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ እያየው ነበር፤ ቀጫጭኖቹ ክቦች ከእናቱ እጅ ሥር አንድ በአንድ ሲወለዱ፣ በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ በላጩ ላይ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጇን ለቀም አድርጎ ይይዛት ነበር።

«የልጄ እጅ» አለች እናትየው። «የልጄ እጅ ነው ይሄ።»

«አዎ እማዬ» አለ ታላቅየው። አጠገቧ ቆመና የራሱን መዳፍ፣ እንደቆረፈደ፣ ከጨርቋ ጎን ኮፈኑ ላይ አሳረፈው።